ከባሕር ሽፍታ ሴቶች የትኛዋን? አስቂኝ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው የንጽጽር መመሪያ

በ1720 መገባደጃ ላይ በጃማይካ፣ በስፓኒሽ ታውን በተሰየመ ችሎት ዶሮቲ ቶማስ የምትባል ሴት ቀርባ መሰከረች። በታንኳ ስንቅ ጭና ስትሄድ የባሕር ወንበዴዎች ደርሰው ዘርፈዋታል። ከዘራፊዎቹ ሁለቱ የወንድ ኮትና ረጅም ሱሪ ለብሰው፣ ራሳቸውን በመሐረብ ጠምጥመው፣ ገጀራና ሽጉጥ ይዘው ነበር፤ ኋላ እንዳትመሰክርባቸው ጓደኞቻቸው እንዲገድሏት እየተሳደቡ ይገፋፉ የነበሩትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ሴቶች መሆናቸውን ያወቀችው በጡታቸው ትልቅነት እንደሆነ ለዳኞቹ ተናገረች። ቃሏ ተመዘገበ፤ በማግስቱ ዓመትም ከችሎቱ ሂደት ጋር እዚያው ጃማይካ ውስጥ ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ሴቶች አን ቦኒ እና ሜሪ ሪድ ነበሩ። አስቂኝ የባሕር ላይ የፍቅር ታሪክ በአማርኛ መጻፍ እፈልጋለሁ ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው በመጀመሪያ ይህን የምስክርነት ቃል አነብለታለሁ። ሁልጊዜ ይስቃል። ከዚያ የሳቀው በማን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። በሴቶቹ የሳቀ እስካሁን አልገጠመኝም። ያሳቀው የተከበረው ችሎት ነው፤ ሕግ የሚያውቁ ሰዎች በሕጋቸው ውስጥ ቦታ ያላገኙላቸውን ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ የምስክሯን ቃል በቁም ነገር ሲጽፉ ማየቱ ነው። ያው መዝገብ ተከሳሾቹን የሚጠራቸው «ያላገቡ ሴቶች» እያለ ነው።

ባለ ታሪክ ሲመርጡ መለኪያዎ ይህ ይሁን እላለሁ። ሱሪው ሰፍቷት፣ ሽጉጡ ከብዷት፣ ማዕበሉ አስመልሷት የምታስቅ ሴት ከሦስት ምዕራፍ በላይ አታስኬድም፤ ማንም አንባቢ እንዲህ ያለችውን ሴት ማፍቀር አይችልም። ሥራዋን የምታውቅ፣ የምትፈልገውንም የምታውቅ፣ እሷን የሚመጥን ስም ያጣው ዓለም ግን እየተደናቀፈ የሚያስቀን ሴት ያስፈልግዎታል። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ሴቶች በታሪክ የነበሩ ናቸው። ለአስቂኝ የፍቅር ታሪክ ያላቸው አመቺነት ግን በእጅጉ ይለያያል።

መጀመሪያ፦ ሽፍታ ወይስ ወንበዴ?

አማርኛ እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ይሰጠናል። ወንበዴ የሰው ንብረት የሚቀማ ነው፤ ታሪኩም ከዚያ አያልፍም። ሽፍታ ግን በደል ደርሶበት ወይም ሥልጣን ሽቶ የወጣ፣ ነገ ታርቆ ሊሾም የሚችል ሰው ነው። ቋራ ሸፍቶ የነበረው ካሳ ኃይሉ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን እንዳገባና ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ እንደነገሠ የማያውቅ አንባቢ የለንም። ስለዚህ ሽፍትነት፣ ጋብቻና ሹመት በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲገናኙ አንባቢያችን ማብራሪያ አይጠይቅም፤ ነገሩን ከአያቶቹ ሰምቶታል።

ሴቶቹንም በዚህ ሚዛን ይመዝኗቸው። አን ቦኒ እና ሜሪ ሪድ ወንበዴዎች ናቸው። የአየርላንዷ ግሬስ ኦማሊ እና የቻይናዋ ዤንግ ዪ ሳኦ ከሽፍታ ይመደባሉ፤ መንግሥት ተደራድሯቸዋል፣ ምሕረትም ሰጥቷቸዋል። የቴቱዋኗ ሰይዳ አል-ሑራ ደግሞ ራሷ ገዥ ነበረች፤ የባሕር ወንበዴ የሚሏት ጠላቶቿ ናቸው። ምርጫው የመጽሐፉን መጨረሻ ከወዲሁ ይወስንልዎታል። የሽፍታ ታሪክ በእርቅ ሊያልቅ ይችላል፤ የወንበዴ ታሪክ የሚጠብቀው ገመድ ነው፤ ደስ የሚል መጨረሻ ከፈለጉ ከገመዱ የሚያመልጡበትን መንገድ ራስዎ መፍጠር ይኖርብዎታል።

አን ቦኒ እና ሜሪ ሪድ

ለሳቅ ከእነዚህ ሁለት ሴቶች የሚበልጥ የለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ልቆይ።

አን ባሏን በባሃማስ ደሴቶች ባለችው ናሶ ወደብ ላይ ትታ የባሕር ወንበዴ አለቃ ከሆነው ከጆን ራካም ጋር የሄደች ሴት ናት። ራካም ካሊኮ የሚባል የጥጥ ጨርቅ ያዘወትር ስለነበር «ካሊኮ ጃክ» ተብሏል፤ በእኛ «አቡጀዲው ጃክ» ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም፣ ስሙም ወዲያው ያስቃል። በ1720 ነሐሴ አካባቢ ከናሶ ወደብ አንዲት ባለ አንድ ምሰሶ መርከብ ሰርቀው ወጡ። አገረ ገዥው ዉድስ ሮጀርስ ወዲያው አዋጅ አስነገረ፤ በአዋጁም የሁለቱ ሴቶች ስም በግልጽ ተጠቅሷል። ከዚያ ዘመቻቸው ሁለት ወር ያህል ብቻ ቆየ። የዘረፉት ምን ነበር? የዓሣ አጥማጆች ጀልባና መረብ፣ ከአንዲት መርከብ ደግሞ 50 ጥቅል ትምባሆና 9 ከረጢት ቅመም። ወርቅ የሞላበት ሣጥን የሚጠብቅ አንባቢ የቅመም ከረጢት ሲሰጡት፣ ወንበዴዎቹም በዚያ ከረጢት ዙሪያ በሙሉ ክብርና ሥርዓት ሲከፋፈሉ ሲያይ፣ ትዕይንቱ በራሱ ይሄዳል። በጥቅምት ወር በጃማይካ ምዕራባዊ ጫፍ ተያዙ።

በችሎቱ የመሰከሩ ሁለት ፈረንሳውያን አንድ ግሩም ነገር ተናግረዋል፦ ሴቶቹ መርከብ ሲያሳድዱና ሲገጥሙ የወንድ ልብስ ይለብሱ ነበር፣ በሌላው ጊዜ የሴት። ስለዚህ በዚያች መርከብ ላይ ሴትነታቸው ምስጢር አልነበረም። ሱሪው የሥራ ልብስ ነበር። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ «ምስጢሯ ተገለጠ!» የሚለውን ያረጀ ትዕይንት ትቶ፣ ሰንደቅ ሲታይ ቀሚስ አውልቆ ሱሪ ለመታጠቅ የሚደረገውን ሩጫ ይጽፋል።

የሜሪ የፍቅር ሕይወት የሚተረከው ግን በችሎቱ መዝገብ ሳይሆን በ1724 ለንደን ላይ በታተመ የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ ውስጥ ነው። መዝገቡ ስለ ልጅነታቸው አንዳች አይልም፤ መጽሐፉ ደግሞ የተጻፈው ለመሸጥ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ታሪካዊ ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው ግዴታ ይመስለኛል፤ መዝገቡን ያክብሩ፣ በመጽሐፉ ደግሞ እንደ ልብዎ ይጫወቱ። መጽሐፉ እንደሚለው ሜሪን እናቷ እንደ ወንድ ልጅ አሳደገቻት፣ አድጋም ወታደር ሆና ፍላንደርስ ዘመተች። እዚያ በአንድ ድንኳን የሚያድር ጓደኛዋን ወደደች። ልቧ ሲሸፍት መሣሪያዋን መወልወል ረሳች፤ እሱ ለግዳጅ በወጣ ቁጥር ሳትታዘዝ እየተከተለች ወደ አደጋ ትገባ ጀመር፤ ጓደኞቿም አበደች አሉ፤ ይቅርታ፣ አበደ አሉ። በመጨረሻ ተጋቡ። «ሁለት ወታደሮች ተጋቡ» የሚለው ወሬ ሠራዊቱን አዳረሰ፤ መኮንኖቹ ሊያዩ ወደ ሠርጉ መጡ፤ ለጎጆ መውጫም ስጦታ አዋጡላቸው። ብሬዳ አጠገብ «ሦስት የፈረስ ጫማ» የሚባል ማደሪያ ቤት ከፈቱ። ባሏ ሞተ፣ ሰላም ሆኖ ወታደሩ ተበተነ፣ ገበያው ቀዘቀዘ፤ እሷም ሱሪዋን መልሳ ታጥቃ ወደ ባሕር ሄደች።

በመርከቡ ላይ አን ይህን መልከ ቀና ወጣት መርከበኛ ወደደችው። ሜሪ እውነቱን ነገረቻት። አቡጀዲው ጃክ በቅናት ተቃጥሎ አዲሱን ወዳጅሽን አንገቱን እቆርጠዋለሁ ሲል፣ ለእሱም ምስጢሩ ተነገረው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ምርጫ አለው፦ ጉዳዩ በሳቅ ተዘግቶ ሁለቱ ሴቶች ወዳጆች ይሆናሉ፣ ወይም የአን ፍቅር እውነቱን ከሰማችም በኋላ አይጠፋም። መጽሐፉ ሁለቱንም በር ክፍት ትቶታል።

ከሁሉ የምወደው ግን ፍልሚያው ነው። ሜሪ በመርከቡ ላይ የወደደችው ወጣት ከአንድ ወንበዴ ጋር ተጣልቶ የአንድ ለአንድ ፍልሚያ ተቀጣጠረ። ወጣቱ እንደሚሸነፍ ታውቃለች፤ እንዳይሄድ ብትለምነው ደግሞ ፈሪ ያሰኘዋል። ስለዚህ እሷም ያንኑ ወንበዴ ነገር ፈልጋ ተጣላችው፤ ቀጠሮውንም ከወዳጇ ቀጠሮ ሁለት ሰዓት ቀደም አድርጋ ያዘች። ወጣቱ ሲደርስ ተጋጣሚው ሞቷል። ይህን ለታላቅ እኅቴ ቡና እየጠጣን ስነግራት ስኒዋን አስቀምጣ «ሁለቱን ሰዓት ምን እያደረገ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነው፦ ሜሪ ስትፋለም፣ ወጣቱ የኑዛዜ ደብዳቤ እየጻፈ፣ እየቀደደ፣ እንደገና እየጻፈ።

የዚህ ምርጫ ጉድለት መጨረሻው ነው። ራካም ተሰቀለ። ሁለቱ ሴቶች ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ እርጉዝ ነን ብለው ፍርዱ ቆየላቸው፤ ሜሪ ግን በ1721 ጸደይ እስር ቤት ውስጥ ሞተች። የአን መጨረሻ በመዝገብ የለም። ስለዚህ አስደሳች መጨረሻ ከፈለጉ ሜሪን ከመያዛቸው በፊት ይሰናበቷት፣ ወይም የመጨረሻውን ምዕራፍ ለአን ይስጧት።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

ወደሚቀጥለው ከመሻገሬ በፊት የቋንቋ ነገር ላንሣ፤ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነውና። በአማርኛ ግሡ ራሱ ጾታ አለው። «መጣ» ካልን ወንድ ነው፣ «መጣች» ካልን ሴት ናት፤ መሸሸጊያ የለም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ወንድ መስላ የምትኖር ባለ ታሪክ በአማርኛ አትመችም ይላል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። በአንደኛ መደብ ቋንቋችን ጾታ አይጠይቅም፦ መጣሁ፣ ደከመኝ፣ ወታደር ነኝ፣ እወዳለሁ። ሜሪ ሪድ ስለ ራሷ ዕድሜ ልኳን ብትናገር አንድም ውሸት ሳትናገር ሁሉን ታታልላለች። የአክብሮት አጠራርም እንዲሁ ነው፤ እርስዎ እና እሳቸው ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው። አዛዥ የሆነች ሴት በአክብሮት እስከተጠራች ድረስ ማንም ጾታዋን መጥራት አያስፈልገውም።

ተራኪው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «ች»ን ይዞ ይቀጥል፤ አንባቢው እውነቱን ይወቅ። ገጸ ባሕርያቱ ደግሞ በስሕተታቸው ይጽኑ። «ሜሪ ተነሣች። ‹ይኸው፣ በመጨረሻ ተነሣ› አለ አሥር አለቃው።» በሁለቱ ግሦች መካከል ያለው ክፍተት፣ አንባቢው ፈገግ እያለ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሥራው በሬዲዮ ትረካ የሚቀርብ ከሆነም ጥቅሙ ይጨምራል፤ ጆሮ ይህን ልዩነት ከዓይን ቀድሞ ይይዘዋል። ፍቅርን መግለጽም «እወድሻለሁ» እስኪባል መጠበቅ የለበትም። ከአንተ ወደ አንቺ የተሻገረ ወንድ ሁሉን ተናግሮ ጨርሷል።

ግሬስ ኦማሊ

በአይርላንድኛ ግራንያ ትባላለች። በ1530 አካባቢ በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በክሉ የባሕር ወሽመጥ ከባሕረኞች አለቆች ቤት ተወለደች። ልጅ ሳለች አባቷ ረጅም ጸጉርሽ ከመርከቡ ገመድ ጋር ይጠላለፋል ብሎ ወደ ባሕር አልወስድሽም ቢላት፣ ጸጉሯን ቆርጣ እንደመጣች በአገሯ ይተረካል።

ግሬስ ወንድ መምሰል አያስፈልጋትም፤ ስለዚህ የመደበቅ ጨዋታ አይኖርዎትም። በምትኩ የሚያገኙት ጎልማሳ ሴት ከባሎቿ፣ ከልጆቿና ከመንግሥት ጋር የምታደርገውን ድርድር ነው። በ1577 የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ የነበረው ሄንሪ ሲድኒ ሦስት መርከብና 200 ተዋጊ ይዛ እንደቀረበችለት ሲጽፍ፣ ባሏንም አብራ እንዳመጣችው፣ በባሕርም በየብስም ከባሏ የበለጠች እንደሆነች ጨምሮበታል። ያ ባል ባለ ብረቱ ሪቻርድ ይባል ነበር፤ ጦርነት የለመደ፣ ቅጽሉ የሚያስፈራ ሰው። ከሚስቱ ኋላ ተጎትቶ በእንደራሴ ፊት የሚቆምበትን ያን ትዕይንት በእሱ ዓይን ቢጽፉት ከማሳቅ አልፎ ያሳዝናል፣ ያስወድዳልም።

ስለ ጋብቻቸው የሚነገረውም ለእኛ ቅርብ ነው። ግሬስ ሪቻርድን ያገባችው ለአንድ ዓመት በተቆረጠ ውል ነው ይባላል። ዓመቱ ሲሞላ ሮክፍሊት የሚባለውን ግንቡን ዘግታ፣ ከላይ ሆና አሰናብቼሃለሁ አለችው፤ ግንቡ ለእሷ ቀረ፤ ሆኖም ሁለቱ ኋላ አብረው ቆዩ። በእኛም አገር የደሞዝ ጋብቻ የሚባል፣ ጊዜው የተወሰነ ውል ነበር፤ ዘመኑን የሚቆርጠውና የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነበር። አንባቢያችን ይህን ሥርዓት በደንብ ስለሚያውቀው ተገልብጦ ሲያየው የሚስቀው ሳቅ ከማንም አንባቢ ይበልጣል። ለፍቅር ታሪኩ ዋና ጥያቄ የሚሆነውም እዚያው ነው፦ የተሰናበተው ባል ለምን ቆየ? መልሱን ያገኘ ጸሐፊ ግማሹን መጽሐፍ ጽፏል።

ከዚያ ደግሞ 1593 አለ። በአየርላንድ የኮናክት ክፍለ ሀገር ገዥ የነበረው ሪቻርድ ቢንገም ልጇንና ወንድሟን አሰረባት። እሷም ለንግሥት ኤልሳቤጥ አመለከተች፤ ከቤተ መንግሥት የተላኩላትን 18 ጥያቄዎች መለሰች፤ በመስከረም ወር አካባቢም ግሪንዊች ሄዳ ንግሥቲቱን በአካል አገኘቻት። ሁለቱም 60 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሴቶች ነበሩ። ግሬስ በማመልከቻዋ የጠየቀችው የንግሥቲቱን ጠላቶች ሁሉ ማንም ሳይከለክላት በእሳትና በሰይፍ እንድትወጋ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ፈቃድ ነው። ይኸውም የኖረችበትን ሥራ በማኅተም ልትቀጥል ነው። አሁን በአማርኛ ያስቡት፦ ግሬስ ንግሥቲቱን ምን ብላ ትጠራለች? እርስዎ ካለች ተሸነፈች። አንቺ ካለች አዳራሹ በድንጋጤ ይደርቃል። ንግሥቲቱ በአንቺ ጀምራ በጨዋታ መሐል ሳታስበው ወደ እርስዎ ብትሻገርስ? በዕድሜ ታላቋ ማን እንደሆነች ሁለቱም እያሰሉ ቢያወሩስ?

ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገርም አለ። በዚያ ዘመን አየርላንድ ውስጥ የነበረው ጦርነትና ረሃብ ከባድ ነበር። ሳቁን በአዳራሹና በግንቡ ውስጥ ያቆዩት፤ መንደሩን ሲያሳዩ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።

ዤንግ ዪ ሳኦ

በኃይል ከተመዘነ የሚወዳደራት የለም። ስሟ «የዤንግ ዪ ሚስት» ማለት ነው። በ1801 የባሕር ወንበዴ አለቃ የሆነውን ዤንግ ዪን አገባች፤ በ1807 ሲሞት ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ ሰንደቅ በሚል የተከፋፈለውን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የያዘውን ኅብረት መምራት ቀጠለች። በደቡብ ቻይና ጠረፍ የሚነግድ መርከብ ካልተዘረፈ የእሷን የይለፍ ወረቀት ገዝቷል ማለት ነው። በ1810 ሚያዝያ ከሌሎች ሴቶችና ከልጆች ጋር ያለ መሣሪያ ወደ ጓንግዡ ገብታ ከጠቅላይ ገዥው ጋር ተደራደረች። ከ17 ሺህ በላይ ሰው እጁን ሰጠ፤ የመርከቦቿ አዛዥ ዣንግ ባኦ የመንግሥት መኮንን ተደርጎ ተሾመ። እሷ ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖራ በ1844 አረፈች።

የሽፍታን እርቅና ሹመት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ መጨረሻ ፍጹም ነው። አስቂኙም ነገር በወረቀቱ ላይ ነው፦ ማኅተም፣ ደረሰኝ፣ ግምጃ ቤት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጉምሩክ ሊቆጣጠረው ያልቻለውን ጠረፍ በሥርዓት የሚቆጣጠር የወንበዴ ጽሕፈት ቤት። ከጉምሩክ የተባረረ ጸሐፊ እዚህ ሥራ አግኝቶ፣ በመጀመሪያው ቀን መዝገቡ ከቀድሞው መሥሪያ ቤቱ የተሻለ ተጠብቆ ሲያገኘው ያለውን ድንጋጤ አስቡት።

የፍቅር ታሪኩ ግን ከባድ ፈተና አለው። ኋላ ያገባችው ዣንግ ባኦ የሟች ባሏ የማደጎ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ ከዓሣ አጥማጅ ቤተሰቡ ተማርኮ የመጣ፣ በዕድሜም ከእሷ የሚያንስ። የጡት ልጅን ከአብራክ ልጅ እኩል ለሚያይ አንባቢ ይህ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም፤ ይሰቀጥጠዋል። በተጨማሪም ከጋብቻዋ በፊት በሴተኛ አዳሪነት ትኖር እንደነበር ይነገራል፤ በዚህ ላይ ቀልድ የሚሠራ ሰው ብዕሩን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። የእኔ ምክር እሷን ዋና ባለ ታሪክ አድርጎ የፍቅር ታሪክ ከመጻፍ ይልቅ፣ ዘላለም «እሳቸው» ተብላ የምትጠራ፣ ሁለት ሌሎች ወጣቶች በጥላዋ ሥር የሚዋደዱባት አለቃ ማድረግ ነው። በሕጓ የተማረኩ ሴቶችን የደፈረ በሞት ይቀጣ ነበር፤ አፍቃሪው ወጣት የወደዳትን ምርኮኛ እጇን በወግ መጠየቅ የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሽማግሌ ከየት ያመጣል?

ሰይዳ አል-ሑራ

ከግራናዳ በመጣ ቤተሰብ በ1485 አካባቢ ተወለደች፤ ከ1515 ጀምሮ ባሏ ሲሞት የሞሮኮዋን ቴቱዋን ገዛች፤ ከኦቶማኑ የባሕር አለቃ ኻይረዲን ባርባሮሳ ጋር ተባብራ የፖርቱጋልንና የስፔንን መርከቦች አስጨነቀች። የምንጠራት በማዕረጓ ነው፤ ትርጉሙም ነጻይቱ እመቤት ማለት ነው። በ1541 የፌዝ ሱልጣን አሕመድ አል-ወታሲ ለጋብቻ ጠየቃት። ሙሽራዪቱ ወደ ፌዝ አልሄደችም፤ ሱልጣኑ ከነአጀቡ ወደ ቴቱዋን መጥቶ አገባት። 50 ዓመት ያለፋት ሴት ናት።

ይህ ለደብዳቤ ልብ ወለድ የተሠራ ነው። ሁለት ወገን የማይነቃነቁ ክቡራን፣ ሁለቱም እርስዎ እየተባባሉ፣ ማን ወደ ማን እንደሚመጣ ለወራት ይጻጻፋሉ። በማግስቱ ዓመት በአማቿ ከሥልጣን ስለተባረረች፣ ታሪክዎን በሠርጉ ያቁሙት። ስለ ሕይወቷ የተጻፈው ጥቂት መሆኑ ለጀማሪ ነጻነት ይመስላል፤ የዘመኑን ሞሮኮ ያላጠና ሰው ግን ባዶውን በግምት ሞልቶ ያበላሸዋል። ሃይማኖቷን ለማሳቂያ የሚያደርግ ደግሞ አይንካት።

የማይመረጡ

የ14ኛው ክፍለ ዘመኗ ዣን ደ ክሊሶን ባሏ በ1343 ፓሪስ ላይ አንገቱ ተቀልቶ ለበቀል ባሕር የወጣች ናት። ሐዘኗ ለሌላ ዓይነት መጽሐፍ ይሆናል።

ለጠረፋችን የሚቀርበው ታሪክ ደግሞ ጭራሽ አይነካ። በ1695 ሄንሪ ኤቨሪ የሚባል እንግሊዛዊ ከሌሎች ወንበዴዎች ጋር በባብ ኤል መንደብ አድፍጦ፣ ከሐጅ የሚመለሱ ሰዎችን የያዘችውን ጋንጂ ሳዋይ የተባለች የሕንድ ሞጉል ንጉሠ ነገሥት መርከብ ተከትሎ ማረከ። በመርከቧ የነበሩ ሴቶች ለቀናት ተደፈሩ። ከዚያ በለንደን ኤቨሪ የሞጉሉን ልጅ በፍቅር አገባ የሚል ተረት ተወራ፤ በ1712 ቲያትር እስከመሆን ደረሰ። ቀይ ባሕር ቅርባችን ስለሆነ ብዙ ወጣት ጸሐፊ በዚህ ይሳባል። እባክዎ ይተዉት። የፍቅር ታሪክ ወንጀልን ለማጠብ ሲያገለግል ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጉ ግን ጥሩ ምሳሌ ነው።

እንግዲህ የትኛዋን?

የመጀመሪያ ሥራዎ ከሆነ፣ አጭር ልብ ወለድም ከሆነ፣ የሜሪን ሁለት ሰዓት ይውሰዱ። ለመድረክ ከሆነ ግሬስና ኤልሳቤጥ፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ጥሩ ተዋናዮች ይበቃሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚቀርብ ረጅም የሬዲዮ ድራማ ስድስቱ ባለ ቀለም ሰንደቆች የማያልቅ ገጸ ባሕርይ ይሰጡዎታል። የጎልማሶችን ፍቅር በትዕግሥት መጻፍ የሚወድ ሰው በሰይዳ እና በግሬስ መካከል ይምረጥ፤ ጠብ የሚያስቀው ከሆነ ግሬስን፣ ጨዋነት የሚያስቀው ከሆነ ሰይዳን።

የመርከብ ቃላት አያስጨንቁዎት። ሸራ፣ ምሰሶ፣ መልሕቅ፣ መቅዘፊያና ወደብ ካሉዎት ብዙ ርቀት ያስኬዱዎታል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገውን በድርጊት ያሳዩ።

እኔ ብሆን ሜሪን ነው የምወስደው። የመጀመሪያው ትዕይንት አሁን ሳይቀር ይታየኛል። ፍልሚያው አልቋል። ሜሪ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰይፏን በአሸዋ ትጠርጋለች፤ መርከበኞቹ ሁሉ ከበዋታል፤ እዚህ ላይ መዝገቡን ትቼ መጽሐፉን ስለምከተል፣ ምስጢሯን በዚያ መርከብ የሚያውቁት ራካም፣ አን እና ወዳጇ ብቻ ናቸው። ወጣቱ ኑዛዜውን በደረት ኪሱ ይዞ፣ ለመሞት ተዘጋጅቶ፣ በቀጠሮው ሰዓት እያለከለከ ይደርሳል። ሬሳውን ያያል። ደም የነካውን እጅጌዋን ያያል። ሰው ሁሉ እንደሚሰማው ረስቶ አፉን ይከፍታል፤ «አን…» ይላል፤ ቀጣዩ ፊደል «ተ» ይሁን «ቺ» ምላሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መርከበኞቹ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከኋላቸው ደግሞ አን ቦኒ የቅመም ከረጢቱን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጮክ ብላ «አቤት!» ትላለች።